የዋንዛው በር

ብርነሽ ቤቷን ስትሠራ ባሏ አጠገቧ አልነበረም። ተካልኝ የሠራዊቱ ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከአስመራ ወዲያና ወዲህ ስንቅ ሲያመላልስ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፈቃድ ያገኘው አንዴ ብቻ ነበር፤ እሱም አባቱን ለመቅበር። ከሃያ ሁለት መዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ የቤት ሠሪዎች ማኅበሩ በሰጣቸው ቦታ ላይ መሠረቱን አስቆፍሮ ነው የሄደው። ግድግዳውን ያቆመችው፣ ቆርቆሮውን ያስመታችው ብርነሽ ናት። ሲሚንቶ በወረፋ፣ ምስማር በልመና በሚገኝበት ዘመን፣ ቀን መሥሪያ ቤት ታይፕ ስትመታ ውላ፣ ማታና እሑድ ከግንበኛ ጋር ስትከራከር የሰፈሩ ሰው «ወንዳወንዷ ብርነሽ» ይላት ጀመር። ስሙን አልጠላችውም።

አማቷ ወይዘሮ ደብሪቱ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከቡልጋ መጥተው አብረዋት ይኖራሉ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰውን በድምፁ፣ ጊዜውንም ፊታቸው ላይ በሚያርፈው ፀሐይ ነው የሚለዩት። አስቸጋሪ አማት አልነበሩም። ልብስ አነሰኝ፣ ምግብ ጎደለኝ ብለው አያውቁም። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሳም።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ አንድ የተካልኝ ባልደረባ ከአስመራ መልእክት ይዞ መጣ። «ለገና ፈቃድ ተፈርሞለታል» አላት። «አንዳች ነገር ካልተፈጠረ በስተቀር በዓሉን ከእናንተ ጋር ነው።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ ብርነሽ እንቅልፍ አጣች። ደስታው እንቅልፍ ነሳት ቢባል እውነት ነው፤ ግን ደስታው ቶሎ ወደ ጥድፊያ ተለወጠ። ተካልኝ ከመሄዱ በፊት ወሎ ሰፈር፣ በቀበሌ ቤት፣ አጎንብሶ በሚገባበት አንድ ክፍል ውስጥ ነበር የሚኖሩት። አሁን ቀና ብሎ የሚገባበት ቤት ልታሳየው ነው። ሳሎኑ ተለስኖ፣ ወለሉ ተመትቶ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ፣ «ግባ» ልትለው ነው። ሥራውን ከቅርብ ለመከታተል የወሎ ሰፈሩን ክፍል አስረከበችና አማቷን ይዛ ወደ አዲሱ ግቢ ገባች። ቀበሌውም ክፍሉን በማግሥቱ ለሌላ ሰጠው።

ትልቁ ቤት ገና እርጥብ ስለሆነ የሚያድሩት ጓሮ ካለው ሰርቪስ ነው። ሰርቪሱ ወጥ ቤትና አንዲት ጠባብ ክፍል አለው፤ በር ግን የለውም። ቀን ጆንያ ይጋረድበታል፤ ማታ ቆርቆሮ ይደገፍበታል።

«ለጊዜው ነው እማማ» አለቻቸው ብርነሽ። «ተካልኝ ሲመጣ በትልቁ ቤት ነው የምንቀበለው።»

«እኔ ምን ቸገረኝ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «እሱ ይምጣልኝ እንጂ በድንኳንም እቀበለዋለሁ።»

የብርነሽ ልብ ያረፈው በትልቁ ቤት በር ላይ ነበር። እንጨቱን ያገኙላት ፊት ለፊታቸው የሚኖሩት ጋሽ ሐምዛ ናቸው። ወሎ ሰፈር የሕንፃ ዕቃ መደብር ያላቸው የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከየት እንዳመጡት እሳቸውና ፈጣሪ ያውቃሉ፣ ብቻ አንድ ማለዳ በአሮጌ ፊያታቸው ላይ ደረቅ የዋንዛ ጣውላ ጭነው በሯ ላይ አወረዱላት። በሩን የሠሩት ደግሞ አረጋዊ የሚባሉ፣ ከዓጋመ የመጡ ሽማግሌ አናጢ ናቸው። ሰፊ፣ ረጅም፣ መሐሉ ላይ መስቀል የተቀረጸበት በር ሆነ። ብርነሽ ማታ ማታ ከሥራ ስትመለስ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች፤ ዘይት ትቀባዋለች፤ ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ሳሎኑ ውስጥ ታስደግፈዋለች።

«ያ ቀዩ ብርድ ልብስ የት ገባ ልጄ?» አሏት አማቷ አንድ ማታ፣ አልጋቸውን እየዳበሱ።

«በሩን ሸፈንኩበት እማማ፤ እንዳይጫር ብዬ።»

«እንዲያ ነው?» አሉና ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ስበው ተኙ።

ገና ሦስት እሑድ ሲቀረው፣ የስብከት እሑድ ጠዋት ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጆንያው ሥር ቆሙ። «ዛሬ ስብከት ነው። ዑራኤል ትወስጂኛለሽ?»

«ዛሬማ የሚለስኑት ሰዎች ይመጣሉ። ሌላ እሑድ እንሄዳለን።»

አሮጊቷ በዘንጋቸው መሬቱን እየፈለጉ ወደ ውጭ ወጡ። ብርነሽም ወደ ጋሽ ሐምዛ ቤት ከልጆቹ ጋር ሊጫወቱ ሄደው ነው ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ከዚያ በፊት በነበሩት እሑዶችም እንዲሁ ነበር የምታስበው።

በሳምንቱ፣ የብርሃን እሑድ ጠዋት እንደገና ጠየቋት። የዚያን ዕለት ብርዱ ያስለቅሳል፤ ከቦሌ ሜዳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ፊት ይቆርጣል።

«ለገና እማማ» አለች ብርነሽ፣ የውሃ በርሜል እየሞላች። «ለገና ሦስታችንም እንሄዳለን። ተካልኝ ክንድዎን ይዞ ነው የሚያስገባዎት።»

«ለገና፣ ለገና ትያለሽ። ገና ያለ ጾሙ ምን አለው ልጄ? መጠበቁ እኮ ነው ነገሩ።»

«እኔስ እየጠበቅሁ አይደል?» አለች ብርነሽ ቆጣ ብላ። «ሌት ተቀን የምለፋው ለማን ሆነና?»

«አዎ፣ አንቺማ ትለፊያለሽ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረበትም።

ከዚያ በኋላ ብርነሽ አላየቻቸውም። ልስኑ አንዱ ግድግዳ ላይ አብጦ ስለነበር ከሠራተኞቹ ጋር ስትጨቃጨቅ ረፈደ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የግቢው ቆርቆሮ በር ተንኳኳ። ጋሽ ሐምዛ ናቸው። በአንድ እጃቸው ዘንግ፣ በሌላው የወይዘሮ ደብሪቱን ክንድ ይዘዋል። የአሮጊቷ ከንፈር ጠቁሯል፤ መላ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል።

«ሃያ ሁለት አውቶቡስ ፌርማታው ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው» አሉ ጋሽ ሐምዛ። «አውቶቡሱ ሞልቶ እየመጣ ያልፋቸዋል። ከማለዳ ጀምሮ እዚያ ናቸው መሰለኝ።»

«ፌርማታ? እዚያ ምን ሊሠሩ ሄዱ?»

ጋሽ ሐምዛ ገርሟቸው አዩዋት። «ዑራኤል ሊስሙ ነዋ። ተራዬ በደረሰ እሑድ እኔ አልነበርኩ አድርሼ፣ ጠብቄ የምመልሳቸው? ለካ አታውቂም! ቤንዚን ለመቆጠብ እሑድ በታርጋ ተራ አይደል የሚነዳው? ዛሬ የኔ አይደለም፤ ዛሬ የሚነዳው ሙሉ ቁጥር ነው፣ የኔ ጎዶሎ። ‹ዛሬን ይታገሡኝ እማማ፣ ቢይዙኝ ይቀጡኛል› ብያቸው ነበር። እኔ የሚታገሡ መስሎኝ…»

 እስላሙ ጎረቤቷ አማቷን ቤተ ክርስቲያን ሲያደርሱ፣ ቅዳሴ እስኪወጣ መኪናቸው ውስጥ ሲጠብቁ፣ ብርነሽ ልስን ስታስመታ ነበር። እጇ ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በቀሚሷ ጠራርጋ አማቷን ተቀበለቻቸው። እጃቸው በረዶ ነው።

ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸው። እየሞቃቸው ሲሄድ «ደኅና ነኝ፣ ሥራሽን አትፍቺ» አሏት። እሷም ማመን ስለፈለገች አመነች። በማግሥቱ ለጋሽ ሐምዛ ባለቤት አደራ ብላ ሥራ ገባች፤ ከዚያም የበሩን ማጠፊያ ፍለጋ ፒያሳ ድረስ ሄደች። አገኘችም። የነሐስ ማጠፊያውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ ደስ እያላት ስትመለስ የጎረቤቷን ባለቤት ሰርቪሱ ደጃፍ ላይ ቆማ አገኘቻት።

«ነይ ቶሎ» አለቻት። «ትንፋሻቸው ልክ አይደለም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ፊታቸው እንደ ፍም ቀልቶ፣ እያንዳንዱን ትንፋሽ ከጥልቅ ጉድጓድ እንደሚቀዱት ውሃ እየሳቡ ነበር። ብርነሽ «እማማ!» አለቻቸው። «ተካልኝ ነህ?» አሏት። የዚያን ጊዜ ማጠፊያው ከእጇ ወደቀ፤ የት እንደወደቀም አላየችም።

ጋሽ ሐምዛ በፊያታቸው ክሊኒክ አደረሷቸው። ሐኪሙ ጀርባቸውን አዳመጠና የሳንባ ምች ነው አለ። መርፌ ታዘዘላቸው። «በዚህ ዕድሜ ቀልድ አይደለም» አላት ብርነሽን ለብቻዋ ጠርቶ። «መድኃኒቱን በየቀኑ ይወጉ፤ ከሁሉ በላይ ግን ነፋስ እንዳያገኛቸው።»

ነፋስ እንዳያገኛቸው! ወደ ሰርቪሱ ተመልሳ አልጋቸው አጠገብ ስትቀመጥ ጆንያው ወደ ውስጥ ይነፋል፣ ወደ ውጭ ይሳባል። ትልቁ ቤት ውስጥ እንዳታስገባቸው እርጥብ ልስን የበለጠ ይገድላቸዋል። የወሎ ሰፈሩ ክፍል በሰው ተይዟል። ተነሥታ ወደ ሳሎኑ ሄደች። ቀዩን ብርድ ልብስ ከበሩ ላይ ገፈፈችና አማቷን አለበሰቻቸው። ሲነጋም አቶ አረጋዊን ጠራች።

«ያንን በር ሰርቪሱ ላይ ይግጠሙልኝ።»

ሽማግሌው አናጢ በሩን አዩ፤ ሰርቪሱን አዩ። «ጓለይ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ሁሌም እንዲያ ነው የሚጠሯት። «ይኼ በር እዚያ አይገባም። በወርዱም በቁመቱም ይበልጣል።»

«ይቁረጡት።»

«ምኑን?»

«በሩን። በልኩ ይቁረጡት።»

«እግዚኦ! መስቀሉስ? በአንድ በኩል ከቆረጥኩት እኮ መሐሉን ይስታል። ቆይ፣ ጣውላ ልፈልግልሽ…»

«ሰሞኑን ጣውላ የት ይገኛል? ይኼስ የተገኘው በስንት መከራ ነው? እማማ ደግሞ ዛሬ ማታ ነፋስ ሊያገኛቸው አይገባም።»

«ባልሽ ሲመጣ ምን ትይዋለሽ?»

ብርነሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን ድምፅዋ አልተሰበረም። «ለተካልኝ እናቱን ነው የማስረክበው፤ በር አይደለም። ይቁረጡት ጋሼ።»

አቶ አረጋዊ መጋዙን አነሡ። የመጋዙ ድምፅ በግቢው ሙሉ ተሰማ። ብርነሽ ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ፣ የወደቀውን ማጠፊያ ከአፈሩ ውስጥ ፈልጋ አመጣችላቸው። ከቀትር በኋላ ያ የኮራችበት በር የጓሮ ክፍል በር ሆነ፤ መስቀሉ ወደ ግራ ሸሽቶ፣ ዳሩ ያልተላገ፣ ግን ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ። ሲዘጋ ክፍሏ ውስጥ የነፋሱ ድምፅ ጠፋ። ወይዘሮ ደብሪቱ ከእንቅልፋቸው ሳይነቁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በረጅሙ ተነፈሱ።

ብርነሽ ለተካልኝ መምጫ ብላ ያስቀመጠችውን የዓመት ፈቃድ ከመሥሪያ ቤት ጠይቃ ወሰደች። የሚለስኑትን ሰዎች አሰናበተች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ሌላ ሆነ፤ ላብ መጥረግ፣ ትራስ ማስተካከል፣ መርፌ የሚወጋውን ድሬሰር መጠበቅ።

ትልቁ ችግር ምግብ ነበር። ነፍስ አባታቸው መጥተው «ለሕመምተኛ ጾም የለበትም፤ ወተት ይጠጡ፣ እኔ ፈትቼዎታለሁ» አሏቸው። ወይዘሮ ደብሪቱ ካህኑ እስኪወጡ ጠበቁና «እሳቸው ቢፈቱኝ ሆዴ አይፈታኝም» አሉ።

«እማማ፣ እባክዎን ለኔ ሲሉ።»

«ላንቺ ስልማ አጥሚት እጠጣለሁ። ያለ ወተት።»

ብርነሽ የገብስ አጥሚት እያቀጠነች በማንኪያ ታጎርሳቸው ጀመር። አብረው መኖር ከጀመሩ ወዲህ እንዲህ ጉልበት ለጉልበት ገጥመው የተቀመጡበትን ቀን አታስታውስም። ትንፋሻቸው ረገብ ሲል አሮጊቷ ያወሯታል። ተካልኝ ልጅ ሆኖ ጾም አይሆንለትም ነበር አሉ። አንድ ቀን ከጥጃው ጋር ተሻምቶ ወተት ጠጥቶ፣ ከንፈሩ ነጭ እንደሆነ መጣና «ወዴት ነበርክ?» ሲሉት «ዱቄት ቤት» አላቸው። «ዱቄት ቤት ምን ልትሠራ?» «ልጸልይ!» አለና አረፈው። ብርነሽ ከት ብላ ሳቀች። ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደሳቀች ለራሷም አልታወቃት፤ ሳቋ ለጆሮዋ የሰው ሳቅ መሰላት።

ሳቋን ስትጨርስ ልቧ ውስጥ የነበረው ነገር መጣ። «እማማ፣ ለምን አልነገሩኝም? ጋሽ ሐምዛ እንደሚያደርሱዎ።»

«እንዳታፍሪ ብዬ።»

ብርነሽ አንገቷን ደፋች። «ለተካልኝ ሊጸልዩ እንደሚሄዱ አውቄ እንኳ…»

«ለተካልኝማ እዚህም ሆኜ እጸልያለሁ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። እጃቸውን በብርድ ልብሱ ላይ እየሰደዱ እጇን ፈለጉ። «እዚያ የምሄደው ላንቺ ነው። ማታ ማታ ስትገላበጪ እሰማሻለሁ። ለብቻሽ ስታወሪ እሰማሻለሁ። ‹እባክህ ይህችን ልጅ አሳርፍልኝ፣ ሸክሟን አቅልልላት› እለዋለሁ። ተካልኝ ከመጣ ይመጣል፤ ግን አንቺ እስኪመጣ ድረስ እያለቅሽ ነው።»

ብርነሽ የያዘችውን ሣህን መሬት ላይ አስቀመጠችና ግንባሯን በእጃቸው ላይ ደፍታ አለቀሰች። አሮጊቷ «አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይወጣልሽ» እያሉ ፀጉሯን ሲዳብሱ ቆዩ። በመጨረሻ ሳላቸው ሲነሣ ነው ብርነሽ ቀና ያለችው።

ከገና በፊት በመጨረሻዋ፣ በኖላዊ እሑድ ጠዋት ደጅ ላይ የፊያቱ ጥሩምባ ተሰማ። ትኩሳቱ አልለቀቃቸውም ነበር። «የሐምዛ ተራ ነው ዛሬ» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ። «ባዶውን እንዳይመለስ። አንቺ ሂጂልኝ።»

«ትቼዎት?»

«የሐምዛ ሚስት ትቀመጣለች። ሂጂ ልጄ።»

ብርነሽ ነጠላዋን ለብሳ ከጋሽ ሐምዛ ጎን ተቀመጠች። በመንገድ ላይ «እንዴት አድርጌ እንደማመሰግንዎ አላውቅም» ስትላቸው፣ «ተይ እስቲ» አሉ፤ «የኔ እናት ብትኖር ተካልኝ መስጊድ አያደርሳትም ነበር?» ዑራኤል ደጀ ሰላም ሲያወርዷት መኪናቸውን ከጥላ ሥር አስጠግተው ጋዜጣቸውን ዘረጉ።

ቅዳሴው ውስጥ ቆማ ምን እንደምትል ግራ ገባት። ባለፉት ወራት እንኳን ለጸሎት፣ ለማሰብም ጊዜ አልነበራትም። ሳሎኑን ልታስበው ሞከረች፤ ወለሉ አለመመታቱን፣ መጋረጃው አለመሰፋቱን። እንደ ሌላ ሰው ቤት ሆነባት። የመጣላት የዚያች ጠባብ ክፍል ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ሲወጣ፣ ሲገባ። «አደራህን» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ስትወጣ በጠርሙስ ጠበል ይዛ ነበር።

በማግሥቱ ማታ ላብ አጠመቃቸው። ብርነሽ ደንግጣ ልብሳቸውን ስትለውጥ «ራበኝ» አሉ፤ ጠንከር ባለ፣ የተቆጣ በሚመስል ድምፅ። ብርነሽ ይህን ቃል ሰምታ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

ገና ረቡዕ ዋለ። ሳሎኑ ከነእርጥበቱ፣ ትልቁ ቤት ከነባዶ ደጃፉ ተቀምጧል። አቶ አረጋዊ መጥተው ዶሮ ባረኩላት፤ ሌላ የበዓል ሽርጉድ አልነበረም። ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ወይዘሮ ደብሪቱ «ራሴ ቆሸሸ፣ አሳከከኝ» ስላሉ፣ ነፋስ በማያገኘው የሰርቪሱ ጥግ በርጩማ ላይ አስቀምጣ፣ ውሃ አሙቃ ፀጉራቸውን ታጥባቸው ገባች። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር ነው፤ በጣቶቿ መካከል እንደ ጥጥ ያልፋል። የግቢው ቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ዞር እንኳ አላለችም።

«ይግቡ ጋሽ ሐምዛ! እጄ ሳሙና ነው።»

የሚገባው ሰው እርምጃ ግን የጋሽ ሐምዛ አልነበረም። መጀመሪያ የሰማቻቸው እናትየዋ ናቸው። አረፋው በጉንጫቸው ላይ እየወረደ ቀጥ አሉ።

«ተኬ?»

ብርነሽ ዘወር አለች። በግመል ቀለም ካፖርቱ ላይ የሦስት ቀን አቧራ የተሸከመ፣ ጢሙ ያደገ፣ የከሳ ሰው ትልቁን ቤት አልፎ ቆሟል። ለዚህ ሰው መምጫ ስትል ያን ሁሉ የደከመችው ሴት፣ ዛሬ ይመጣል የተባለበት ቀን መሆኑን ፈጽሞ ረስታው ነበር። እጇ ላይ ሳሙና፣ ቀሚሷ ላይ ውሃ፣ ራሷ በአሮጌ ሻሽ እንደታሰረች ነው።

«መጣህ» አለች። 

ተካልኝ ሻንጣውን ጣለ። አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እናቱን አየ። ከበርጩማው ሥር ተንበርክኮ የእናቱን ጉልበት ሳመ፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ከሳሙናው እየጨፈኑ ፊቱን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ ጢሙን። «ከስተሃል» አሉ። «ጢምህን ማን ፈቀደልህ?» ተካልኝ እየሳቀም እያለቀሰም ነበር። ከዚያ ተነሥቶ ብርነሽን ከነሳሙናዋ አቀፋት። የመንገድ አቧራ፣ የናፍጣና የላብ ሽታ አለው። አንገቱ ሥር እንዳለች «ቤቱን ላሳይህ ፈልጌ ነበር፣ አላለቀም» ብላ ጀመረች።

«የቱን ቤት?» አላት። እውነቱን ነበር፤ ሲያልፍ ልብም አላለው።

ብርነሽ የሚያስቃትና የሚያስለቅሳት አንድ ላይ መጣባት። ተካልኝ ካፖርቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ሊወስድ ዘረጋ። «አንቺ ተቀመጪ። እኔ አጥባታለሁ።»

«ዓይናቸው ውስጥ ታስገባባቸዋለህ፤ ተው።»

«እናቴ አይደለችም እንዴ? አምጪው ነው የምልሽ።»

«መንገድ ደክሞሃል፣ አንተ ቁጭ በል!»

«በሉ ሁለታችሁም» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ ከበርጩማው ላይ ሆነው፣ አረፋው አገጫቸው ላይ እየተንጠባጠበ፤ «ማንም ይጠበኝ ማን፤ ውሃው እየቀዘቀዘብኝ ነው።»